የባናው ጥግ

የዚያን ዕለት ወደ ቤተ መዘክሩ የሄድኩት ለጠብ ነበር። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ ደግ አሮጊት መስዬ እንዳልታያችሁ። ቤተ መዘክሩን የምትጠብቀው ልጅ ሕይወት ትባላለች፤ ባለፈው ሰሞን ቤቴ ድረስ መጥታ፣ «እማማ አንጓች፣ እንኳን ደስ አለዎት! የሰጡን ባና በትርኢቱ መክፈቻ ከአዳራሹ መካከል ይሰቀላል» አለችኝ። ደስ አለኝ። ባና ማለት፣ ለማያውቅ ልንገር፣ ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ልብስ ነው፤ ቀን ይደረባል፣ ሲመሽ ይለበሳል፣ ጉና ተራራ ሥር ለተወለደ ሰው ሁለተኛ ቆዳው ነው። ልጅቱ ቀጠለችና፣ «አይጥ የበላውን ጥጉን ግን ሸማኔ ጠርተን እናስጠግነዋለን» ስትል ደስታዬ ፊቴ ላይ ደረቀ። አይጥ! «ማንም እንዳይነካው» አልኳት። «እማማ፣ ጥጉ ጎድሎ ከተሰቀለ እንግዳ ምን ይላል?» አለችኝ። እንግዳ ያሻውን ይበል። ሸማኔው ይመጣል የተባለ ቀን ከዘራዬን ይዤ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ የምናገረውን ሁሉ በልቤ እየደረደርኩ ወጣሁ።

ከበሩ ላይ ግን የረጠበ የበግ ጠጉር ሽታ ተቀበለኝ። ደስ የሚል ሽታ አይደለም፤ የበረትም የጭስም ነገር አለበት። ግቢው ውስጥ ወጣቶች ቁርበት አንጥፈው፣ ውኃ ጥደው፣ ለመክፈቻው ቀን አዲስ ባና መርገጥ ይለማመዳሉ። የእጅ ሥራ ቤተ መዘክር ነውና እንዲህ ያለ ነገር ይወዳሉ፤ አንድ እሑድ ሸክላ ሠሪዎች መጥተው ጭቃ ያቦካሉ፣ አንድ እሑድ አንጥረኛ ወናፉን ይነፋል፣ የተማሪዎች ሥዕል ግድግዳው ላይ ተለጥፎ የሰፈር ሰው እየመጣ፣ «ይቺ የእገሌ ልጅ የሣለችው ነው» ይባባላል። ሞፈርና ቀንበር፣ የሸማ ዕቃ፣ ኮርቻ፣ የቆዳ መፋቂያ፣ ሁሉም ስሙ ተጽፎለት ተደርድሯል። እኔ ግን ሽታው እግሬን ያዘውና ከበሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ያ ቤት፣ ያ የድንጋይ ቤት፣ በጣሊያን ጊዜ የተሠራ መጋዘን ነው። በዚያው ግቢ፣ በዚያው ሽታ መካከል፣ እኔ አንጓች ባሌን በሕይወት ሳለ ገድዬዋለሁ።

ያን ጊዜ ደብረ ታቦር ሌላ ከተማ ነበረች። መኪና ሲመጣ ከሩቅ ተሰምቶ ገበያው ሁሉ ሥራ ፈትቶ ይጠብቀዋል። ያረጀ ጎማ እየተቆረጠ ጫማ መሆን የጀመረው ያን ሰሞን ነው፤ በአንድ ጫማ ጉና ወጥተህ ብትወርድ አይበሳም፣ ዋጋውም ከአንድ ዶሮ ብዙ አይበልጥም። በገበያው ማዶ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች ተደርድረው አቡጀዲ፣ ክርና መርፌ፣ ሽቶና መስተዋት ይሸጣሉ፤ የጣሊያኑን ወረቀት ሊሬ ስታሳያቸው ፊታቸውን ያጠቁሩና የድሮውን ብር ማርትሬዛ ስታሳያቸው እንደ ዘመድ ይስቁልሃል። እኔ በዚያ ጊዜ አዲስ ሙሽራ ነኝ ማለት ይቻላል፤ ሹሩባዬ ትከሻዬን ያልፋል፣ ቀሚሴ ጥለት አለው፣ በገበያ ሳልፍ እንደምታይ አውቃለሁ። አሁን ያ የነጋዴዎች መደዳ የሞባይል መጠገኛና የፎቶ ቤት ሆኗል። ከጥግ ላይ ያለችው ዋርካ ብቻ እንደ እኔ እምቢ ብላ ቆማለች።

ባሌ ቢያድግልኝ ከሌሎች አርበኞች ጋር ጉና ላይ ነበር። ለሹሞቹ ግን፣ «ጨው ሊነግድ ወደ ሩቅ አገር ሄዷል» ብለን ነግረናቸዋል። የአርበኛ ቤት መሆኑ የታወቀበት ቤቱ ይቃጠላል፣ ሰዉም ይታሰራል፤ ስለዚህ እኔና አማቴ እማማ ዝማም ውሸቱን እንደ ዳዊት ስንደግም እንኖራለን። እማማ ዝማም ረጅም፣ ደረቅ፣ ከእንዝርት የማትለይ ሴት ነበረች። ሌሎች ልጆቿ በሕፃንነት ሞተውባት ይህ አንዱ ብቻ ነው የቀረላት፤ ስሙንም ያወጣችው በስለት ነው። ጉና ላይ ደግሞ ጠላት ጥይት ብቻ አይደለም፣ ብርድ ነው። ጣሊያኖቹም ይህን ዐውቀው ባና ወደዚያ እንዳይወጣ ከለከሉ፤ በየመውጫው ፍተሻ አለ፣ አዲስ ባና የያዘ መንገደኛ ተገፍፎ ይመለሳል። «ልጄን ብርድ ሊበላብኝ ነው» ትለኛለች እማማ ዝማም፤ ጠጉር ከየትም ከየትም እየለቀመች ትፈትላለች፤ ማስረገጥ ግን አልቻለችም፤ ብዙ ሰው ተሰብስቦ በዘፈን የሚሠራ ሥራ እንዴት ይደበቃል?

እንዲህ ሳለን የከተማው ጣሊያናዊ ሹም የእጅ ሥራ ትርኢት በመጋዘኑ ሊያሳይ ነው ተባለ። ከጎንደር ትልልቆቹ መጥተው የአገሩን ሰው ሥራ ያያሉ፣ ፎቶግራፍ ያነሣሉ። በአንድ በኩል የእነሱ መኪናና የስፌት ማሽን፣ በሌላ በኩል የእኛ ሸክላ፣ ስፌት፣ ኮርቻ። ባና ረጋጮችም ተጠሩ። እማማ ዝማም ጥሪውን ስትሰማ ዐይኗ በራ። «ጠጉሩን ራሴ አመጣለሁ፣ ሸማኔውም የእኔ ነው በሏቸው» አለች። እኔ ደነገጥኩ። «እነሱ ፊት? በእነሱ ግቢ?» ብላት፣ «እነሱው ውኃውን አፍልተው ካስረገጡልኝ ምን ቸገረኝ? አንዱን ትርፍ አድርጌ አስገባለሁ፤ ሲመሽ ከእኔ ዕቃ ጋር ይወጣል» አለችኝ። የአማቴን ድፍረት የማያውቅ ሴትየዋን ዕብድ ይላት ነበር። እኔም አልኳት፤ በልቤ።

የባናውን አረጋገጥ ልንገራችሁ፤ ኋላ ያለሱ ነገሩ አይገባም። ከሸማኔው የመጣው ባና ልል ነው፣ ነፋስ ያሳልፋል። በቁርበት ላይ ተጠቅልሎ ሙቅ ውኃ እየፈሰሰበት፣ በሁለት ረድፍ ትይዩ ተቀምጠን በተረከዛችን እንገፋዋለን፤ እየጠበበ፣ እየወፈረ ይሄዳል። አንዷ ታዜማለች፦ «እርገጠው እርገጠው እስኪጠብቅ ድረስ፣ ለማን ነው ይህ ባና፣ ማነው የሚለብስ?» ሌሎቻችን የባለቤቱን ስም ጠርተን እንመልሳለን። ስም ያልተጠራለት ባና አያሞቅም ይባላል። ዘርፉም፣ በጫፉ የሚንጠለጠለው ክር፣ እንደ ተለቀቀ ይቀራል፤ የሚቋጥረው ባለቤቱ ነው፤ ሌላ ሰው ከቋጠረው ልብሱ የሌላ ሰው ሆነ ማለት ነው። የሹሙ አስተርጓሚ ይህን ያውቃል፣ ያገራችን ሰው ነዋ። አስቀድሞ ሰብስቦን፣ «ለማን ነው ሲባል፣ ለሹማችን ነው ብላችሁ መልሱ። ሌላ ነገር እንዳልሰማ» ብሎ አስጠነቀቀን።

ትርኢቱ ደረሰ። እንግዶቹ በወንበር ተቀመጡ፣ ባንዲራቸው ተሰቀለ፣ ቀንድ በሚመስል ነገር ዘፈን የሚያሰማ ሸክላ ማጫወቻ ሲያንቋርር ቆየና ዝም አለ፤ የእኛ ተራ ሆነ። ጀመርን። ለመጀመሪያው ባና፣ «ለሹማችን ነው» አልን፤ ለሁለተኛውም አልን። ሦስተኛው እማማ ዝማም ትርፍ አድርጋ ያስገባችው ነው። እጇ የፈተለው ጠጉር ከእግሯ ሥር ሲሞቅ፣ እንፋሎቱ ሲነሣ፣ ዜማው ሲግል፣ ሴትዮዋ የት እንዳለች ረሳች። አዜመች፤ «ማነው የሚለብስ?» አለች፤ እኛ አፋችንን ሳንከፍት ራሷ በሙሉ ድምጿ፣ «ለልጄ ለቢያድግልኝ ነው!» አለች።

እግራችን ሁሉ ባንዴ ቆመ። አስተርጓሚው ቀስ ብሎ መጣ። «ቢያድግልኝ ጨው ሊነግድ ሄደ አላላችሁም? የት ነው ያለው?» አለ። እማማ ዝማም የረጠበውን ባና ጨበጠች። «የት ነው? ባናውስ በየት በኩል ነው የሚደርሰው?» አለ፤ ዐይኑ ወደ ጉና ሄዶ ተመለሰ። ቤታችን ሲቃጠል ታየኝ። እሷ ታስራ ታየችኝ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ ብድግ አልኩና፣ «ሞቷል» አልኩ።

«ማን?»

«ባሌ። በንግዱ ላይ፣ በበረሃ ንዳድ ሞቷል።»

አስተርጓሚው ሹሩባዬን አየ። «ባልሽ ከሞተ ጠጉርሽን ለምን አልተላጨሽም?»

«እናቱ ናታ! አንድ ልጇ ነው። እንዴት ብዬ ላርዳት? ደብቄያት ነው የኖርኩት፤ ይኸው አንተ ባደባባይ መርዶ አስነገርከኝ!» ብዬ ጮህኩበት።

ይህን ስናገር እማማ ዝማምን በዐይኔ ልጠቅሳት ፈልጌ ነበር፤ አስተርጓሚው ግን ፊቴ ላይ ተተክሏል። ጩኸቷን ሰማሁ። ወገኖቼ፣ ያን ጩኸት እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። «ወየው ልጄን! ቢያድግልኝ! ወየው አንድዬን!» ብላ ከረጠበው ባና ላይ ወደቀች። እውነቷን ነበር፤ ንግዱን ውሸት፣ ሞቱን ግን እውነት አድርጋ ነው የሰማችው። ሴቶቹ ሁሉ ደረት መቱ፣ ሸክላ ሠሪዎቹ ሸክላቸውን ጥለው መጡ፣ ትርኢቱ ለቅሶ ቤት ሆነ። ሹሙ ምን እንደሆነ ጠየቀ፤ አስተርጓሚው ነገረው፤ ሰውዬው ባርኔጣውን አወለቀ። እሱም እናት ነበረችው መሰለኝ። በእጁ፣ «ውሰዷት» አለ። ሴትዮዋ ራሷን ስታለች፣ ቃሬዛ የለም፤ በተኛችበት ባና አራቱን ጥግ ይዘን ተሸክመናት በበሩ፣ በዘበኞቹ መካከል ወጣን። ባናው እንዲህ ሆኖ ነው የወጣው። ያሰበው ሰው አልነበረም።

ቤት ደርሰን ሰዉ ፈቀቅ ሲል በጆሮዋ፣ «እናቴ፣ ውሸቴን ነው። ቢያድግልኝ ደህና ነው፤ ጉና ላይ ነው» አልኳት። እፎይ ትላለች ብዬ ነበር። ቀና ብላ አየችኝና በሐዘን ፈገግ አለች። «እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ። አባቴ የሞተ ጊዜም እንዲህ ነበር ያሉኝ» አለች። በእኛ አገር ሞት ለእናት ደርሶ አይነገርም፤ ታሟል ይባላል፣ ተሻለው ይባላል፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ማለዳ መርዶ እስኪያረዳ ድረስ ሰው ሁሉ ይዋሻል። እሷም ስንቱን ሰው እንዲህ ስትደብቅ ኖራለች፤ ስለዚህ በማልኩላት ቁጥር ሞቱ እየበረታ ሄደ። በማርያም ማልኩ፤ «ተይ ልጄ፣ ስለ እኔ ብለሽ ኃጢአት አትግቢ» አለችኝ። ጎረቤት ድንኳን ተከለ። እኔም ሹሩባዬን ተላጨሁ፤ አስተርጓሚው ሰው ልኮ ያይ ነበርና። እማማ ዝማም እህል አልቀምስም አለች። ውኃ እንኳ በግድ ነው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች፤ እንዲህ የተኛ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። በአፌ የገደልኩትን በእግሬ ሄጄ ካላስነሣሁት እናቱም ከእጄ ትወጣለች አልኩ። ለማንም ሳልነግር ባናውን ተከናንቤ ተነሣሁ።

በገሳይ መንደር በኩል ወጣሁ። ፍተሻው ላይ ወታደሮቹ ባናዬን ጎተት ሲያደርጉ አንዱ ራሴን አየ፤ የተላጨ፣ ትኩስ፣ የሐዘን ራስ። «መርዶ ይዤ ወደ ዘመድ እየሄድኩ ነው» አልኩ። አሳለፉኝ። ከገሳይ በላይ ገብሱ ያልቅና ሣርና ድንጋይ ይጀምራል፤ ከዚያም በላይ ጅባራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል እዚህም እዚያም ቆሞ ከሩቅ ሰው ይመስላል። ውርጩ በቀን እንኳ ከጥላ ሥር አይነሣም። እየለመንኩ፣ እየጠየቅኩ፣ ስንቱን ጅባራ ባሌ መስሎኝ እየጠራሁ ሄድኩ። በመጨረሻ ከአንድ ገደል ሥር በጓደኞቹ መካከል ቆዳ ደርቦ ተቀምጦ አገኘሁት። ከንፈሩ በብርድ ተሰነጣጥቋል። ራሴን ሲያይ ብድግ አለ።

«ምነው አንጓች! ማን ሞቶብሽ ነው?»

«አንተ!» አልኩት።

ጓደኞቹ ሣቁ፣ እሱም ሣቀ፤ የሆነውን ስነግራቸው እስኪታመሙ ሣቁ። «እናቴስ?» አለኝ። «እህል ከቀመሰች ቆየች» ስለው ሣቁ ሁሉ ቆመ። ጠመንጃውን አነሣ። «እወርዳለሁ» አለ። «ብትወርድ የእውነት ትሞታለህ፤ እኔም ውሸቴ ከንቱ ይቀራል። የሚታመን ነገር ስጠኝና ልመለስ» አልኩት። ከወገቡ ጩቤውን ፈታ። «ይህንን ከሬሳም ይፈቱታል» አልኩ። ማተቡን ነካ። «እሱንም» አልኩ። ተናደደ፤ «ታዲያ ራሴን ቆርጠሽ ውሰጂላት!» አለኝ። እኔም ተናድጄ ባናውን ወርውሬለት ፊቴን አዞርኩ። ብርድ ያንገላታው ሰው ነውና ተከናነበው፤ ከዚያ ሳያስበው ተቀምጦ ዘርፉን መቋጠር ጀመረ። ዞር ስል አየሁት። ቢያድግልኝ ግራኝ ነው፤ ቋጠሮው እንደ ሌላ ሰው ቋጠሮ አይተኛም፣ ወደ ግራ ይዞራል። እናቱ በልጅነቱ ስንት ቀን ተቆጥታው አልተወም። «ቁም!» አልኩት። ጩቤውን ተቀበልኩና የተቋጠረውን ጥግ ከነልብሱ ቆረጥኩት። «አዲስ ባና!» ብሎ ጮኸ። «ባናህን ነው የምትፈልግ እናትህን?» አልኩት።

ተመልሼ ስገባ ለቀስተኛው አልተነሣም። ከጎኗ ተቀምጬ ጥጉን በመዳፏ ላይ አደረግኩላት። ሳታይ በጣቷ ዳሰሰችው። የራሷን ፈትል አወቀች፤ ወፍራሟን፣ ቀጭኗን፣ ሁሉንም ታውቃለች። ከዚያ ጣቷ ቋጠሮው ላይ ደረሰ። ያ ባና በተረገጠበት ቀን፣ የልጇን ሞት በሰማችበት ቀን፣ ዘርፉ ልቅ እንደነበር ከእሷ በላይ ማን ያውቃል? ቋጠሮውን አገላበጠችው። ቀስ ብላ ፊቷን ከግድግዳው መለሰች።

«ግራኙ» አለች በሹክሹክታ። «መቼ ነው የቋጠረው?»

«ትናንት።»

እንባዋ በጆሮዋ በኩል ወረደ። ከዚያ፣ «አንጓች፣ የሚበላ ነገር አለ?» አለችኝ። በሶ በጥብጬ አመጣሁላት፤ ጨርሳ ጽዋውን ጠረገችው። ድንኳኑን ላስነሣ ስል ክንዴን ያዘችኝ። «እንዳትነኪው! ልጄ እንደሞተ ይቆያል። የሞተ ሰው አይፈለግም» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማማ ዝማም በጠገበ ሆዷ ያወረደችው ሙሾ በአገሩ ተሰምቶ አይታወቅም። አስተርጓሚው ራሱ መጥቶ አልቅሷል። የንስሐ አባታችን በጆሯቸው ሲነገራቸው የሙታኑን ጸሎት ትተው በለሆሳስ ለሕያው ጸለዩ። እሷም ሌላ ባና ስትፈትል ማንም ምን ትሠሪያለሽ አላላትም፤ ሐዘን ያዞራት ሴት ናት ተባለ። ስንቱ ባና እንዲህ በሐዘንተኛ ትከሻ ወደ ጉና እንደወጣ እኔና እሷ ነን የምናውቅ።

ጣሊያን ሲወጣ ቢያድግልኝ ወረደ። ጥጉ የጎደለውን ባና ለብሶ ነበር። ሰፈሩ ያለቀሰለትን ሰው አይቶ ግማሹ አማተበ፣ ግማሹ ሰደበን። እማማ ዝማም ግን አልሮጠችም። አስቀመጠችው፤ ክር ሰጠችው፤ «እስቲ ቋጥር» አለችው። ቋጠረ። ያን ጊዜ ነው አንገቱን ያቀፈችው። ጥጉን መልሼ ልስፋው ስል፣ «ይህ የእኔ ነው» ብላ ከማተቧ ጋር አሰረችው፤ ብዙ ዘመን ኖራ ስታርፍም ከነቋጠሮው አብሯት ተቀበረ። ባናውን እኔና ቢያድግልኝ ለበስነው፣ ልጆቻችን ለበሱት። በክረምት በዚያ ጥግ ብርድ ሲገባ፣ «እናቴ መጣች» ይለኝ ነበር እግሩን እየሰበሰበ። እሱም ካረፈ ወዲህ እኔ መልበስ አልሆነልኝም፤ ስለዚህ ለቤተ መዘክሩ ሰጠሁ።

ይህን ሁሉ ልትቀበለኝ ለመጣችው ለሕይወት ከበሩ ላይ እንደ ቆምኩ ነገርኳት። ለጠብ ያዘጋጀሁት ንግግር የት እንደገባ አላውቅም። ሸማኔው መርፌውን እንደያዘ ከጎኗ ቆሞ ይሰማል። ስጨርስ ሕይወት ዐይኗን ጠረገችና ግድግዳው ላይ ከባናው ሥር የተለጠፈውን፣ ጥጉን አይጥ በልቶታል የሚለውን ወረቀት ሄዳ ቀደደችው። «እንደ ጎደለ ይሰቀላል» አለችኝ። «ይሰቀላል» አልኩ።

በዚያን ጊዜ ወጣቶቹ መርገጥ ጀመሩ። የምታዜመው ልጅ ድምፅ አላት፤ ዜማውንም አላበላሸችውም። «ለማን ነው ይህ ባና፣ ማነው የሚለብስ?» አለች፤ ረጋጮቹ ዝም ብለው ገፉ፤ እሷም ወደሚቀጥለው አለፈች። መልስ እንዳለው የነገራቸው የለማ። «ቆዩ!» አልኩ። ሁሉም ዞሩ። «ባለቤት የሌለው ባና አይረገጥም። ሲጠየቅ ስም ይጠራል። እንደገና በይ» አልኳት። ልጅቷ ሕይወትን አየች፣ ሕይወትም ራሷን ነቀነቀች። እንደገና ጠየቀች። ከዘራዬን ተክዬ፣ በዚያ ግቢ፣ በዚያ ሽታ መካከል፣ በሙሉ ድምፄ፣ «ለባሌ ለቢያድግልኝ ነው!» አልኩ። ረጋጮቹ ተቀበሉኝ። የት ነው ያለው ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።